በጉና ሥር መሐላ ያፈረሰው ዱቄት

ወረታ ላይ ቆሞ ወደ ፀሐይ መውጫ ለሚያይ ሰው ጉና ሰማያዊ ጉብታ ነው። ሰማዩ ሲጠራ ይታያል፤ ደመና ሲሆን የለም። እኛ ሩዝ ስናርም ወገባችንን ለማሳረፍ ቀና ስንል እናየዋለን እንጂ በእግሩ የረገጠው ሰው በሰፈራችን አላውቅም። እናቴ «እዚያ ላይ ደግሞ ሰው ይኖራል?» ትል ነበር። ይኖራል። ደርሼ ተመልሻለሁና ያየሁትን ለእሷና እንደ እሷ ከሩቅ ለሚያዩት ልጻፈው።

ለጉዞው ምክንያት የሆነችኝ ጓደኛዬ እናኑ ናት። በደቡብ በኩል ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ አብረን እንሠራ ነበር፤ የምንተኛውም በአንድ ክፍል ነው። እኔ የሱሪ ኪስ እሰፋለሁ፣ እሷ ዚፕ ትገጥማለች። ሱሪው ባሕር ማዶ ይሄዳል። በጦርነቱ ጊዜ ያ ሱሪያችንን የሚገዛ አገር «ጠባችሁን እስክትተዉ ዕቃችሁ ያለ ቀረጥ አይገባም» ብሎ ወሰነ። ትእዛዝ ቀነሰ፣ የእኛ መስመር ተዘጋ። እሷ ወደ ጉና፣ እኔ ወደ ወረታ ተመለስን።

በጥቅምት ደወለችልኝ። አባቷ ሞተው ተዝካራቸው ደርሷል። «ነይልኝ ሰርኬ። ቶሎ ነይ፤ የሚፈጨው ብዙ ነው» አለች። ለምን ወደ ወፍጮ ቤት እንደማይወስዱት አልጠየቅኋትም። ስልክ ላይ ብዙ መጠየቅ ያሳፍረኛል።

ረቡዕ

እናቴ የተፈተገ ሩዝ በትንሽ ጆንያ አሰረችልኝ። «ተዝካር ባዶ እጅ አይኬድም። እነሱ ገብስ አላቸው፤ ይኼ የላቸውም» አለች።

ሚኒባሱ ውስጥ ጆንያዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ረዳቱ አይቶኝ «ሩዝዬ፣ ጠጋ በይ! ጆንያውም ሰው ነው እንዴ?» ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ስሜ ሩዝዬ ሆነ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ከጎኔ የነበሩት ሽበት የጀማመራቸው ጠበቃ ነበሩ። «ተዋት አንተ፤ ደብረ ታቦር ስትደርስ ሩዙን ትጎመጀዋለህ» ብለው አስቆሙልኝ። ዓለም በርን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ጆሮዬ ድፍን አለ። እኛ ሜዳ ላይ ስለምንኖር ጆሯችን ዳገት አያውቅም። እሳቸው «ምራቅሽን ዋጪ፣ ይከፈታል» አሉኝ፤ ተከፈተ። በዚያው ድፍረት አገኘሁና ስለ ፋብሪካው ነገርኋቸው።

«ጋሸ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? አንድ አገር በሌላው አገር ጠብ ምክንያት የኔን ሥራ መዝጋት ይችላል?»

አልሳቁብኝም። «መንግሥታት የተስማሙበት ሕግ አለ ልጄ። አንዱ በሌላው የቤት ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ፣ አስገድዶ ሐሳቡን እንዳያስለውጠው ይላል።»

«ታዲያ ሕጉን ጥሰዋላ?»

«እነሱ ደግሞ ‹ገበያው የኔ ነው፤ በሬን ለማን እንደምከፍት እኔ አውቃለሁ፤ ደግሞስ ሰው ሲያልቅ እያየሁ ዝም ልበል?› ይላሉ። ይኼም እንዲሁ የሚጣል ነገር አይደለም። የራስን በር መዝጋትና የሰው እጅ መጠምዘዝ የት ላይ እንደሚለያዩ እኛም እስካሁን እንጨቃጨቅበታለን።»

«ማን ይፈርዳል?»

«ዳኞች አሉ። ሁለቱም ወገን እሺ ካላሉ ግን አይዳኙም።»

«እንደ ሽምግልና ነዋ።»

«እንደ ሽምግልና ነው» አሉና ፈገግ አሉ። «ልዩነቱ፣ ሽማግሌ እምቢ ካልሽው ደጅሽ ላይ ተቀምጦ ይውላል። እነዚያ አይቀመጡም።»

ደብረ ታቦር ስንገባ ብርዱ በቀሚሴ አለፈ። ጠበቃው አንድ አልጋ ቤት ድረስ ሸኙኝ። ባለቤቲቱ ብቻዬን መሆኔን ስታይ «ወንድ በሚገባበት ክፍል ብቻዋን አላስተኛትም» ብላ ከልጇ ጋር አስተኛችኝ። እኛ አገር ነፋስ እንዲገባ በር ገርበብ አድርገን ነው የምንተኛው፤ እዚህ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ይወትፉታል። ከልማዴ የተነሣ አጎበር ፈልጌ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ልጅቷ አየችኝ። «ምን ጠፋሽ?» «አጎበር።» «እዚህ ትንኝ ብትመጣም ብርዱ ይገድላታል» ብላ በብርድ ልብስ ጠቀለለችኝ።

ሐሙስ

በአውቶቡስ ገሳይ ደረስሁ። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ጆንያዬን አህያቸው ላይ ጫኑልኝ። የሚሄዱት ወደ ታች አምባ ነው፤ የእናኑ መንደር ላይ አምባ ከእሱ በላይ ነው። መንገዱ በገብስ ማሳ መካከል ይሄዳል። የእኛ ሩዝ ውሃ ላይ ሲቆም የእነሱ ገብስ ድንጋይ ላይ ይቆማል። የሚገርመኝ ሁለቱም እህል መሆኑ ነው።

ታች አምባ ልንደርስ ስንል ያልታሰበ በረዶ ወረደ። አህያዋ ደንግጣ ከቦይ ገባች፤ ጆንያዬም አብሮ ገባ። ሴቶቹ አውጥተው አሸከሙኝና ወደየቤታቸው ሮጡ። እኔ የተጠጋሁት ቆርቆሮ ክዳን ያለው አንድ ቤት ጥግ ነበር። የቤቱ እመቤት በር ከፍተው «ኸረ ግቢ! በሰው አገር በረዶ ልትሞቺ ነው?» ብለው በእጄ ጎተቱኝ።

እትየ ዘርፌ ይባላሉ። ባላቸው አያ ምትኩ ደግሞ የመንደሩ ወፍጮ ባለቤት ናቸው፤ ያ ቆርቆሮ ወፍጮ ቤቱ ነበር። ሙቅ ውሃ አምጥተው እግሬን ሊያጥቡኝ ጎንበስ ሲሉ በሐፍረት እግሬን ሰበሰብሁ። እኛም እንግዳ እናጥባለን፤ እኔ ግን ታጥቤ አላውቅም። «ነይ እንጂ፣ እግርሽን አልበላውም!» ብለው ሳቁ።

አያ ምትኩ «ወዴት ነሽ?» አሉኝ።

«ወደ ላይ፣ ዘመድ ጋ» አልሁ። ከዚያ በላይ አልተናገርሁም። ከታች አምባ በላይ ብዙ መንደር ስላለ እሳቸውም አልጨመሩም። እትየ ዘርፌ ብቻ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ድንች በደቁስ፣ ትኩስ ወተት፣ የገብስ ቂጣ አቀረቡልኝ። ልጃቸው ጥር ላይ ልትዳር ነውና ትራስ ትጠልፋለች። መርፌውን ተቀብያት በትራሱ ጀርባ የተሸሸገ ኪስ ሰፋሁላት። «ይኼ ለምን ይሆናል?» አለችኝ። «ባልሽ እንዳያገኘው የምትፈልጊውን ለማስቀመጥ» ስላት አባቷ ጭምር ሳቁ። ከፋብሪካ ከወጣሁ ወዲህ ኪስ ስሰፋ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሩዙ ርሶ ነበር። እትየ ዘርፌ በሰፊ ሰፌድ አስጥተው ምድጃው አጠገብ አሳደሩት።

ዓርብ

ሲነጋ ሩዙ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አያ ምትኩ በመዳፋቸው ዘግነው አዩት። «ይኼ እንግዲህ ለቅቅልም አይሆን። ዱቄቱን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ከጤፍ ጋር ቀላቅለን እንጋግረዋለን።»

«ታዲያ ልፍጭልሽ። የመንገደኛ ስንቅ ነው።» ሞተሩን አስነሡ። እንዲህ ያለ ነጭ ዱቄት ከወፍጯቸው ወጥቶ እንደማያውቅ እየተገረሙ በእጃቸው ጠርገው ሞሉልኝ።

ወደ ላይ አምባ ስወጣ ትንፋሼ አጠረ። መንደሩ ውስጥ ስገባ የሰማሁት ድምፅ አስገረመኝ፤ በየቤቱ የእጅ ወፍጮ ያጉረመርማል። እኛ ቤት የእጅ ወፍጮ ዶሮ የምትቆምበት ድንጋይ ከሆነ ቆይቷል። እናኑ እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። መዳፏ ውሃ ቋጥሯል።

ተዝካሩ ቤት ሴቶች ወፍጮው ላይ እየተፈራረቁ ይፈጫሉ። ጆንያዬን ስፈታ አንዷ ዱቄቱን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ አሸችው። «ይኼ የእጅ አይደለም። የት ተፈጨ?»

«ታች አምባ። አያ ምትኩ ፈጩልኝ።»

ወዲያው እልልታው ቀለጠ። «መሐላው ፈረሰ! በል እንግዲህ ምትኩ፣ ጥር ላይ ልጅህን ማን ይድርልሃል?»

ምንም አልገባኝም። እናኑ ወደ ጓሮ ወስዳ ነገረችኝ። የአባቷ ወንድም አያ ደሳለኝ ታች አምባ ይኖራሉ። ወንድማቸው ሲሞቱ «መሬቱን እኔ ልረስ» አሉ። የእናኑ እናት እትየ የዝና ደግሞ የላይ አምባውን ጎረቤታቸውን ምርቱን እኩል እየተካፈለ እንዲያርስ መረጡ፤ የላይ አምባ ሽማግሌዎችም መሬቱም ምርጫውም የእሷ ነው ብለው ጨረሱ። አያ ደሳለኝ ተቆጡ። የታች አምባ ወንዶችም «ወንድማችን ተናቀ» ብለው፣ ላይ አምባ ፍርዱን እስኪለውጥ የማንንም የላይ አምባ ሰው እህል ላለመፍጨት ማሉ። ለገሳዩ ባለ ወፍጮም «ለእነሱ ከፈጨህ የእኛን እህል አታይም» ብለው ላኩበት፤ እሱም ፈራ። መሐላውን ላፈረሰ ደግሞ ቤቱ ላይገባ፣ ሰርጉ ላይበላ ተማምለዋል።

ተዝካሩ ማክሰኞ ነው። በእጅ ተፈጭቶ ለሁለት አምባ ሰው የሚደርስ እንጀራ አይገኝም። የሰው ተዝካር ከጎደለ ደግሞ ሐዘኑ አይወጣም።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፤ ያች ትራስ የምትጠልፈው ልጅ። ያበሉኝን፣ እግሬን ያጠቡኝን ሰዎች ሰርግ አፍርሼ መምጣቴ ነው። እንባዬ መጣ።

እትየ የዝና ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ከጓዳ ወጡ። ሴቶቹ «እሰይ፣ ነገ በደጀ ሰላም እንናገርበታለን! እርስ በርሳቸው ይባሉ!» ይላሉ።

«ማንም አይናገርበትም» አሉ እትየ የዝና። «ዱቄቱን እሰሩት።»

«ምነው እትየ? እግዜር የሰጠንን?»

«መሬቴ የኔ ነው፣ እጃችሁን አታስገቡብኝ ብዬ የማለቅስ ሴት፣ እነሱ በተማማሉት ገብቼ ሰው ላጣላ? መሐላው የእነሱ ነው። ከፋም ለማም እነሱ ይፍቱት።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ያልታወቀ ነገር ኃጢአት የለውም። አሁን ግን አወቅን። ነገ ዱቄቱን ከየኔታ ጋር ይዘሽ ትወርጃለሽ፤ ለፈጨልሽ ሰው ትመልሽለታለሽ።»

አንዷ ሴት «ሞኝነት ነው» ብላ አጉረመረመች። ወፍጮው ግን ቀጠለ። እኔም ተራ ደርሶኝ ተንበረከክሁ። ጥቂት ፈጭቼ ክንዴ ዛለ። «ወረታዎች ውሃ ላይ ስለምትኖሩ ክንዳችሁ ለስልሷል» ብለው ቀለዱብኝ። ዓርብ ስለሆነ እራታችን ድንችና ተልባ ነበር።

ቅዳሜ

የኔታ የደብሩ መሪጌታ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ በሁለቱ አምባ መካከል ነው፤ ሁለቱም የሚስሙት አንዱን ደጃፍ ነው፤ መሐላውም የተማለው እዚያው ነው። ቁልቁለቱ ላይ መቋሚያቸውን እንድይዝ ሰጡኝ።

ከቅዳሴ በኋላ የታች አምባ ወንዶች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽድ ሥር ተቀመጡ። የኔታ ጆንያውን መካከል ላይ አስቀመጡና «ተናገሪ» አሉኝ።

ወንድ በተሰበሰበበት ተናግሬ አላውቅም። መሬት መሬቱን እያየሁ «አላውቅም ነበር» አልሁ። «አያ ምትኩም አላወቁም። የመንገደኛ ስንቅ ነው ብለው ፈጩልኝ። እትየ የዝና ‹መሐላው የእነሱ ነው፣ እኛ አንገባበትም› ብለው መልሰውታል። አልተበላም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። አያ ደሳለኝ ብድግ አሉ። «ተንኮል ነው! ሴትዮዋ በዱቄት ልታሳፍረን ነው!»

«ልታሳፍርህ ብትፈልግ ኖሮ ትጋግረው ነበር» አሉ የኔታ።

«ወፍጮው የእኛ ነው የኔታ! ላልፈለግነው ብንዘጋ ማን ከልካይ አለው?»

«የእናንተ ነው። ‹አልፈጭም› ብትሉ፣ ‹ደከመኝ› ብትሉ ማን ይቆጣችኋል? ግን እናንተ የዘጋችሁት የዝና ስለ ገዛ መሬቷ የቆረጠችውን እንድትለውጥ ነው። ያስ የእናንተ ነው? ደግሞ ፍርዱን ያልፈረደው ሕፃንስ ምን አድርጎ ጥሬ ይቆረጥማል?»

እኔ አሁንም ቆሜ ነበር፤ ተቀመጪ ያለኝ አልነበረም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ተከፈተ። «እኔ ፋብሪካ ኪስ ነበር የምሰፋ» አልሁ። «በማላውቀው ጠብ ከሩቅ አገር በር ዘጉብን። የዘጉት ሰዎች እኔንና እናኑን አያውቁንም፤ ክፉ ላይሆኑም ይችላሉ። የምንለምንበት ደጅ ግን አጣን። እናንተ ግን ትተዋወቃላችሁ።» ከዚያ ሳይሉኝ ተቀመጥሁ።

አያ ምትኩ ተነሡ። «እኔ ፈጭቻለሁ» አሉ። «ሳላውቅ ነው ብዬ አላመልጥም። እነሱ በአደባባይ ሊያዋርዱኝ ሲችሉ ስሜን ጠብቀው መለሱልኝ። እኔ የዝና ለባሏ ተዝካር ያሰበችውን እህል ሳልፈጭ መለስሁ፤ እሷ የኔን ክብር መለሰች። ማን ይሻላል? እኔ ከእንግዲህ በዚህ መሐላ ውስጥ መቆም አልችልም። ከለያችሁኝም ለዩኝ።»

ከታች አምባ ሽማግሌዎች ትልቁ፣ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት፣ በዱላቸው ጆንያውን ነካ ነካ አደረጉ። «እኛ የማልነው በሕያዋን ተቆጥተን ነው። ሙት ከማን ተጣላ? ተዝካሩ ከመሐላው ውጭ ነው። ከቀረው መሐላ ደግሞ የንስሐ አባቶቻችን ይፍቱን፤ የሚያዙንን ስግደት እንቀበላለን።» ወደ አያ ደሳለኝ ዞሩ። «አንተ ቅሬታ ካለህ ላይ አምባ ወጥተህ በሽማግሌዎቻቸው ፊት ተናገር። እዚያ ነው ደጁ።»

አያ ደሳለኝ «አልሄድም» አሉ።

«እንግዲያውስ እስክትሄድ ደጅህ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ» አሉ የኔታ። «ጉልበቴ ያመኛል፤ ምንጣፍ አዘጋጅልኝ።»

ሳቅ ተነሣ። ሚኒባስ ውስጥ ስለ ሽምግልና ያጫወቱኝ ጠበቃ ትዝ አሉኝ፤ እዚያ በነበሩ አልሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት የላይ አምባ አህዮች ተጭነው ወረዱ። እኔ ላይ አምባ ተመልሼ ከእናኑ ጋር ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ከታች የሞተሩ ድምፅ ሲነሣ በየቤቱ ያለው የእጅ ወፍጮ አንድ በአንድ ዝም አለ። እናኑ መዳፏን ዘርግታ አየችውና «በቃ» አለች።

እሑድና ሰኞ

የጉና ብርድ ሊጥ አያቦካም። ወረታ ሊጥ ቶሎ ይቦካል፤ እዚህ እንደ ሕፃን በጨርቅ ሸፍነው ምድጃ አጠገብ ያሳድሩታል። የሩዝ ዱቄቱን አያ ምትኩ ራሳቸው ከአህዮቹ ጋር መልሰው ልከውት ነበር። ከጤፍ ጋር ስቀላቅለው ሴቶቹ በጥርጣሬ አዩኝ። የመጀመሪያው እንጀራ ሲወጣ አንዷ ቀምሳ «ነጭነቱ ለሰርግ እንጂ ለተዝካር አልነበረም» አለች፤ ግን ደገመች።

ማክሰኞ

ፍትሐቱ ተደረሰ፣ ካህናቱ በሉ፣ ድሃው በላ፣ ሁለቱም አምባ በላ። አያ ደሳለኝ አርፍደው መጡ፤ የኔታ ከኋላቸው በመቋሚያ እየተደገፉ። ከዳር ተቀመጡ። እትየ የዝና ራሳቸው እንጀራ ይዘው ሄደው ፊታቸው አስቀመጡ። የመሬቱ ነገር እንዳለ ነው፤ በላይ አምባ ሽማግሌዎች ፊት ቀን ተቆርጦለታል። አያ ደሳለኝ ግን እንጀራውን ቆረሱ፤ ይኼን ሁሉም አየ።

እናኑና እኔ ለብቻችን ስንሆን ስለ ልብስ ስፌት አወራን። እዚያ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠሩ ሸማኔዎች አሉ። ባናው ይሞቃል እንጂ ኪስ የለውም። እሷ ዚፕ ታውቃለች፣ እኔ ኪስ። ደብረ ታቦር ውስጥ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እስኪ እንሞክረዋለን ተባባልን።

ረቡዕ

ስመለስ በታች አምባ አለፍሁ። እትየ ዘርፌ ከበር ላይ ጠሩኝና ለእናቴ ብለው ትኩስ በሶ በስልቻ ሰጡኝ። አያ ምትኩ የወፍጮውን ቀበቶ እያጠበቁ ነበር።

«እንግዲህ በሚቀጥለው ስትመጪ፣ የማን እንግዳ እንደሆንሽ ቀድመሽ ንገሪኝ» አሉ።

«እኔማ ገና እግሯን ሳጥባት ገብቶኝ ነበር» አሉ እትየ ዘርፌ። «ባዶ እጅ ያልሆነ እንግዳ፣ በዚህ ሳምንት፣ ወደ ላይ። ወዴት ይሄዳል ብለህ ነው?»

አያ ምትኩ ቀበቶውን ለቀው ዞሩ። «አውቀሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«ስትማማሉ ሴት ጠርታችኋል እንዴ?» አሉ እትየ ዘርፌ፤ ልጃቸው ትራሷን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። አያ ምትኩ ለመቆጣት ሞክረው አልሆነላቸውም።

ገሳይ ላይ ከአውቶቡሱ አጠገብ አንዲት ሴት ስልቻዬን አይታ «ከወዴት ነሽ እህቴ?» አለችኝ። ድሮ ቢሆን «ከዚህ ከላይ» ብዬ አንገቴን እደፋ ነበር።

«ከላይ አምባ» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከእትየ የዝና ቤት፣ ከተዝካሩ። በሶው ደግሞ የታች አምባ ነው፤ ቅመሺ።»